ጥፍሬን ይዤ አማቶቼ ቤት

ጫማውን የገዛሁት ለአንድ እሑድ ብቻ ብዬ ነበር። እጮኛዬ ደውላ፣ "አባዬ ሊያዩህ ፈልገዋል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ባለው እሑድ ቤት ይምጣ ብለዋል" ስትለኝ መጀመሪያ ያየሁት እግሬን ነው። ያኔ የነበረኝ ጫማ ሥራ ላይ የማደርገው፣ ሲሚንቶ የጠጣ፣ ቡኒ ይሁን ግራጫ ያልለየለት ነበር። በማግስቱ ቡራዩ ካሉት የጫማ ሱቆች አንዱ ገባሁና ጥቁር፣ አፍንጫው ሹል፣ ፊት የሚያሳይ ጫማ አነሳሁ። የእኔ ቁጥር አርባ ሁለት ነው። የቀረው አርባ አንድ ብቻ ነበር።

"ቆዳ እኮ ነው!" አለኝ ሻጩ፣ ጫማውን በእጁ እያጣጠፈ። "ሦስት ቀን ካደረግከው ይሰፋል።"

እንዲሰፋልኝ ብዬ ሥራ ቦታ አደረግሁት። የምሠራው የሴራሚክና የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ነው፤ ቀኑን ሙሉ መቆም፣ ካርቶን ማንሳት፣ መሰላል መውጣት መውረድ ነው። ሦስቱ ቀን አለፈ። ጫማው እንደነበረ ነው። የሰፋው የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ነው።

ነገሩ የጀመረው በትንሽ መቆጥቆጥ ነበር። የጥፍሬ ጥግ ጎኑ ያለውን ሥጋ ይነካካኛል። ምላጭ አነሳሁ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ምላሴን ነክሼ፣ ጥጉን ክብ አድርጌ ወደ ውስጥ እየቆፈርኩ ቆረጥኩት። ለሁለት ቀን እፎይ አልኩ፤ እንዲያውም በሙያዬ ኮራሁ። በሦስተኛው ቀን ጣቴ ቀላ። በአራተኛው አበጠ። በሳምንቱ ብርድ ልብስ ሲነካኝ የምጮህ ሰው ሆንኩ።

ለእጮኛዬ አልነገርኳትም። አባቷ ከሰበታ አለፍ ብሎ በተፍኪ አቅጣጫ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ጎረቤቱ ሁሉ "ኦቦ" ብሎ፣ በኦሮምኛ አቶ እንደ ማለት ነው፣ ስማቸውን ያስከትላል፤ እኔ ስሙን ትቼ ኦቦ ብቻ እላቸዋለሁ። ከእኔ በፊት አንድ የባንክ ሠራተኛ ልጃቸውን ሊጠይቅ ሄዶ፣ "ሲጨብጠኝ እጁ እንደ ቅቤ ይሟሟል" ብለው እንደመለሱት ሰምቻለሁ። በእጅ ልስላሴ ሰው የሚመልሱ አባት እያነከስኩ ብሄድ ምን ይሉኛል?

የመጀመሪያዋ ሐኪሜ አከራዬ ነበሩ። ግቢ ውስጥ ቧንቧው ሥር እግሬን ሳጥብ አዩኝ።

"አንተ ልጅ፣ እግርህን ምን አገኘው?"

"ጥፍር ነው እትዬ። ሥጋዬ ውስጥ ገባብኝ።"

"ነጭ ሽንኩርት! ከጨው ጋር ወቅጠህ እሰርበት። ያወጣዋል።"

"ምኑን ነው የሚያወጣው?"

"ያለውን ሁሉ!"

አሰርኩበት። ከዓይኔ እንባ አወጣ። ከጎረቤት ግቢ ደግሞ፣ "ዛሬ ምን እየሠራችሁ ነው?" የሚል ሰው አወጣ። ጥፍሩ ግን ከነበረበት ንቅንቅ አላለም።

ሁለተኛው ሐኪሜ ሱቃችን ውስጥ ሴራሚክ የሚቆርጠው ባልደረባዬ ነው። የሴራሚክ ጥግ ሲቆርጥ አንዲት ሚሊ የማይስት ሰው ስለሆነ ስለ ጥፍርም ያውቃል ብዬ አመንኩት። ጣቴን ጎንበስ ብሎ አየና፣ "ቀላል ነው" አለኝ። "የጥፍርህን ጫፍ መሀሉ ላይ በሦስት ማዕዘን ቅደደው። ጥፍሩ ክፍተቱን ልሙላ ብሎ ወደ መሀል ይሳባል። ያኔ ጥጉ ራሱ ከሥጋህ ይወጣል።"

"ሞክረኸው ታውቃለህ?"

"እኔ ጥፍር ገብቶብኝ አያውቅም።"

ይህ መልስ ሊያስጠነቅቀኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ምሳ ሰዓት ላይ እግሬን ካርቶን ላይ አስቀምጬለት ቀደደው፤ ያውም በእርሳስ አስምሮ። ከዚያ በኋላ ያተረፍኩት ነገር ቢኖር ካልሲ ባደረግሁ ቁጥር ክሩን የሚይዝ መንጠቆ ነው።

እሑዱ ደረሰ። አከራዬ በማለዳ በሬን አንኳኩተው፣ "ለመንገዱ እንዳያምህ" ብለው አዲስ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት በስኒ አመጡልኝ። እምቢ ብላቸው ቅር ይላቸዋል። ደግሞም እውነቱን ለመናገር ተስፋ አልቆረጥኩም ነበር። በፋሻ ጠቅልዬ፣ ሁለት ካልሲ ደርቤ፣ አርባ ሁለት ቁጥር እግሬን ከነጭ ሽንኩርቱና ከፋሻው ጋር አርባ አንድ ቁጥር ውስጥ ከተትኩት። እንዴት እንደገባ ዛሬም አይገባኝም።

ታክሲ እየቀያየርኩ አየር ጤና ደረስኩና የሰበታ ሚኒባስ ያዝኩ። መሀል ወንበር ላይ፣ ከመስኮቱ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ገና ሳንንቀሳቀስ ረዳቱ አፍንጫውን ነፋ ነፋ አደረገ።

"ነጭ ሽንኩርት የጫነ ማነው? ዕቃ ከኋላ ነው የሚገባው!"

ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። እኔም እንደ ሌላው ሰው ዞር ዞር ብዬ ባለ ሽንኩርቱን ፈለግሁ።

ዓለም ገና ላይ አንዲት ትልቅ ሴትዮ "ወራጅ!" ብለው ተነሱ። ሁለት ዘንቢል ይዘዋል። መኪናው ሳይቆም ፍሬን ሲይዝ ሚዛናቸውን ሳቱና የቀኝ እግራቸው ተረከዝ በሙሉ ክብደቱ አውራ ጣቴ ላይ አረፈ።

የጮኽኩትን ጩኸት ልገልጸው አልችልም። ብቻ ሹፌሩ መኪናውን ጥግ አስያዘ፤ ጋቢና ያለው ሰውዬ፣ "ሌባ! በሩን ዝጉት!" አለ፤ አጠገቤ ያለው ወጣት የራሱን ኪስ ዳበሰ። "ስልኩን ነው? ስልኩን ነው የወሰዱት?" እያሉ ሁሉም ይጠይቁኛል። እኔ ቃል አይወጣኝም። እንባዬ ብቻ ይወርዳል።

"ምን ወሰዱብህ ወንድሜ?" አለኝ ረዳቱ።

"ጣቴን" አልኩት በመጨረሻ።

ሴትዮዋ ደነገጡ። ወርደው ከደጅ ሆነው፣ "የኔ ልጅ፣ አላየሁህም፤ በሞትኩት!" ሲሉ ቆዩና ከዘንቢላቸው ሦስት ብርቱካን አውጥተው በመስኮት ሰጡኝ። ሰበታ የወረድኩት በአንድ እጄ ለአማቶቼ የገዛሁትን አንድ ኪሎ ሙዝና አንድ ሙሉ ኬክ፣ በሌላው ሦስት ብርቱካን ይዤ፣ ዓይኔ ቀልቶ ነው። እጮኛዬ መናኸሪያው አጠገብ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር።

"አልቅሰሃል እንዴ?"

"አቧራ ነው።"

"ምንድነው የሚሸተው?"

"አላውቅም፤ መኪናው ውስጥ አንድ ሰው ነጭ ሽንኩርት ጭኖ ነበር።"

ቤታቸው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው፤ በግራ አዳዲስ ቤቶች እየተሠሩ ነው፣ በቀኝ ማሳው ይጀምራል። ባጃጁ በር ላይ አወረደን። ኦቦ ወጥተው ቆመዋል፤ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ነጭ ጢም ያላቸው ሰው ናቸው። "አከም ጅርቱ፣ ኦቦ" አልኩ፣ እጮኛዬ ለሳምንት ያስጠናችኝን ሰላምታ። እጄን ጨበጡ። እንደ ባንኩ ሠራተኛ እንዳይሆንብኝ በሙሉ ኃይሌ ጨበጥኳቸው። ፈገግ አሉ። እዚህ ድረስ መልካም ነበር።

በሩ ላይ ስንደርስ ግን አክስቷ፣ የኦቦ ታላቅ እህት፣ "ጫማችሁን እዚህ" አሉ። ሳሎኑ ውስጥ አዲስ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ቀይ፣ ዳርና ዳሩ በአበባ የተሠራ። የሰው ጫማ ሁሉ በር ላይ ተደርድሯል።

እንደ ቀልድ ይወጣል ብዬ በተረከዜ ገፋሁት። አልወጣም። ጎንበስ ብዬ ሳብኩት። የግራው ወጣ። የቀኙን ስስበው ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር መጣ። ላብ በጀርባዬ ወረደ።

"ጫማው ትንሽ..." አልኩ።

"ይግባ እንጂ በጫማው፤ እንግዳ አይደል?" አሉ እናቷ፣ ደግ ሴት ናቸው።

ስለዚህ ወደ አማቶቼ ቤት የገባሁት በአንድ ጫማና በአንድ ካልሲ ነው። ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። ሁሉም ሰው ጫማዬን ላለማየት ሲል ጣሪያውን ያያል። ትንሽ ቆይተን እናቷ ጨጨብሳና እርጎ አቀረቡ። ክፍሉ ሞቅ ሲል ሽታውም አብሮ ሞቀ። አክስቷ አፍንጫቸውን ወደ ጨጨብሳው አስጠጉ፣ ወደ እርጎው አስጠጉ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

"ማሊ? ምንድነው? ነጭ ሽንኩርት አለበት እንዴ ጨጨብሳው?" አሉ።

"ኧረ የለበትም!" አሉ እናቷ፣ ስማቸው የተነካ መስሏቸው።

እጮኛዬ አየችኝ። እኔ ጨጨብሳውን በጣም እንደወደድኩት ተናገርኩ። አክስቷ ወደ ወንድማቸው ጠጋ ብለው በኦሮምኛ አንድ ነገር አንሾካሾኩ። ኦሮምኛዬ ከሰላምታ እምብዛም አያልፍም፤ "ሚላ" የሚለውን ቃል ግን አውቀዋለሁ። እግር ማለት ነው።

ኦቦ ሳህናቸውን አስቀምጠው ተነሱ። "ና እስቲ፤ መሬቱን ላሳይህ" አሉኝ።

አጨዳ ያለቀበት ወቅት ነበር። የዚያ አገር ጥቁር አፈር ክረምት ላይ ጭቃው እግር አያስወጣም፤ ሲደርቅ ደግሞ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ይሰነጣጠቃል። "ቅደም" አሉኝ። ቀደምኩ። የቀኝ ጫማዬን እንደለበስኩ፣ በግራ እግሬ የሰው ነጠላ ጫማ አጥልቄ፣ በጓሉ ላይ ቀጥ ብዬ ለመሄድ ስታገል ከኋላዬ ድምፅ የለም። ዞር ስል ኦቦ ከአሥር እርምጃ ርቀት ላይ ቆመው፣ እጃቸውን ከኋላቸው አጣምረው፣ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ያዩኛል።

"ሂድ፣ ሂድ። እስከዚያች ዛፍ ድረስ።"

ዛፏ ድረስ ሄድኩ።

"ተመለስ።"

ተመለስኩ። በኋላ ሲነግሩኝ በሬ ሲገዙም የሚያደርጉት እንዲሁ ነው፤ ከፊት አያዩትም፣ ከኋላ ሆነው አካሄዱን ነው የሚያዩት።

"እግርህን ምን ነካው?" አሉኝ አጠገባቸው ስደርስ።

"ምንም አልሆነ፣ ኦቦ።"

"በሬዬም እንዲሁ ነው የሚለኝ። ታኢ፣ ተቀመጥ።"

ግንድ ላይ ተቀመጥኩ። ፊት ለፊቴ ተንበረከኩና የጫማዬን ተረከዝ በአንድ እጃቸው፣ ቁርጭምጭሚቴን በሌላው ይዘው በአንድ ጊዜ መንጭቀው አወጡት። እዚያ ሜዳ ላይ የነበሩ ወፎች በሙሉ ተነሱ። ካልሲውን አወለቁ፣ ሁለተኛውን አወለቁ፣ ፋሻውን ፈቱ። ነጭ ሽንኩርቱ ሲገለጥ ፊታቸውን ዞር አድርገው ሳል ሳል አሉ።

"አሃ፤ ጨጨብሳው ይኸው!" አሉ።

ከዚያ ጣቴን ወደ ፀሐይ አዙረው ብዙ ጊዜ አዩት። ቀይ፣ ያበጠ፣ በጎኑ መግል የያዘ ነው። የተቀደደውን የጥፍር ጫፍ ሲያዩ ግንባራቸውን ቋጠሩ።

"ይህን ማነው እንዲህ የፈለጠው?"

"ሴራሚክ የሚቆርጥ ልጅ ነው።"

አልሳቁም። የራሳቸውን የላስቲክ ጫማ አወለቁና አውራ ጣታቸውን ከእኔ አውራ ጣት አጠገብ አስቀመጡ። ጥፍራቸው በአንድ በኩል ጠበብ ያለ ነበር። "ሦስት ዓመት ደበቅሁት" አሉኝ። "ሦስት ዓመት ሙሉ ቤት ውስጥ ቁጡ ነበርኩ። ሁሉም ሰው ጠባዩ ነው ይላል። ጠባይ አይደለም፣ ጥፍር ነው። በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ሄጄ አስወጣሁት። ነገ እወስድሃለሁ።"

"ኦቦ፣ ነገ ሥራ አለብኝ።"

"በዚህ እግር ምን ትሠራለህ?"

ያን ቀን እነሱ ጋ አደርኩ። ጠዋት ለአለቃዬ ደውዬ አስፈቀድኩ። እጮኛዬ አስተማሪ ስለሆነች ትምህርት ቤት ሄደች፤ እኔና ኦቦ ብቻ በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያው ሄድን። ተራ ስንጠብቅ ኦቦ አጠገባችን ላለው ሰው ሁሉ ጉዳዬን አስረዱ። "ጥፍሩ ሥጋው ውስጥ ገብቶበት ነው። ነጭ ሽንኩርት አድርጎበት ነበር። ደግሞ ፈልጠውታል" ይላሉ። የሚሰማው ሁሉ ጣቴን እንዳሳየው ይጠይቀኛል። ተራዬ እስኪደርስ ድረስ ጥርሳቸውን ያመማቸው አንዲት እናት ሳይቀሩ አይተውልኛል።

ክፍሉ ውስጥ የጠበቀችን አጭር፣ ነጭ ጋውኗ የሰፋባት፣ ገና ከትምህርት ቤት የወጣች የምትመስል ልጅ ነበረች።

"ልጄ፣ ሐኪሙ መቼ ነው የሚመጣው?" አሏት ኦቦ።

"እኔ ነኝ አባባ። ይቀመጡ።"

ጣቴን ጓንት ባደረገ እጇ ነካ ነካ አደረገች። "ጥፍርህን ስትቆርጥ ጥጉን ክብ አድርገህ ወደ ውስጥ ትቆፍራለህ፤ አይደል?"

"አዎ።"

"ስትቆፍር የማታየው ስለታም ጫፍ ውስጥ ይቀራል። ጥፍሩ ሲያድግ ያ ጫፍ ሥጋህን ይወጋል። ጠባብ ጫማ ደግሞ ሥጋውን ወደ ጥፍሩ ይገፋዋል። ከዚያ ይቆስላል፣ ያመረቅዛል።" የተቀደደውን መሀል አይታ ከንፈሯን ነከሰች። ሳቋን እየያዘች እንደሆነ አወቅሁ። "ይህስ?"

ስለ ባልደረባዬ ሐሳብና ስለ አከራዬ ነጭ ሽንኩርት ነገርኳት።

"ጥፍር የሚያድገው ከሥሩ ነው፤ ከዚህ፣ ቆዳው ሥር። ጫፉ የሞተ ነገር ነው። ብትቀደውም ብትስለውም ወደ መሀል የሚሳብበት ምክንያት የለውም። ነጭ ሽንኩርቱ ደግሞ ቆዳህን አቃጥሎታል፤ ይኸው።" እየነገረችኝ እየጻፈች ነው። "በመጀመሪያው ሳምንት ብትመጣ ኖሮ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ እግርህን ዘፍዝፈህ፣ ሥጋውን ከጥፍሩ ቀስ ብለህ እየገፋህ፣ ሰፊ ጫማ አድርገህ ሊድን ይችል ነበር። አሁን ግን የገባውን ጠርዝ ማውጣት አለብን። ጥፍሩን በሙሉ አይደለም፤ ጠርዙን ብቻ።"

"ያማል?"

"የሚያመው ማደንዘዣው ነው። ከዚያ በኋላ ምንም አይሰማህም።"

አልጋው ላይ አጋደመችኝ። ኦቦ ራስጌዬ ቆመው ትከሻዬን በሁለት እጃቸው ያዙ። "ሂን ሶዳቲን፤ አትፍራ" አሉኝ። "እኔ አለሁ። እኔ በሬ አኮላሽቻለሁ፣ ስንት ወይፈን አርጃለሁ፤ ይህ ምንም አይደለም። ዓይንህን ጨፍን፤ እኔ አይልሃለሁ።"

ዓይኔን ጨፈንኩ። መርፌው ጣቴ ሥር ሲገባ ትከሻዬ ላይ ያሉት እጆች በጣም ጠበቁ። ከዚያ ላሉ። ከዚያ ጭራሽ ጠፉ። ከኋላዬ እንደ ሲሚንቶ ከረጢት ዷ! የሚል ድምፅ መጣ።

"አባባ!" አለች ሐኪሟ። መርፌው ግን ጣቴ ውስጥ ነው። "አንተ እንዳትነቃነቅ! እንዳትነቃነቅ!" ወደ በሩ ዞራ ነርሱን ጠራች። ነርሱ ሮጦ ገባና መጀመሪያ ወደ እኔ ሲመጣ፣ "እሱን አይደለም፣ ከታች ያሉትን!" ብላ ጮኸች። እኔ እንዳልነቃነቅ ተነግሮኛል። አንገቴን እንኳን አላዞርኩም። ጣሪያው ላይ ያለውን አምፖል እያየሁ፣ የእጮኛዬን አባት ገደልኳቸው ብዬ አሰብኩ። ሽማግሌ ሳልልክ ለቅሶ ልደርስ ነው።

አልሞቱም። ሌላ አልጋ ገብቶ ነርሱና አንድ የጥበቃ ሠራተኛ አንሥተው አጋደሟቸው፤ እግራቸውን በትራስ ከፍ አደረጉላቸው። ኦቦ ይህን ታሪክ እንድጽፍ ሲፈቅዱልኝ አንድ ነገር ብቻ አስጨምረውብኛል፤ ያን ቀን ጠዋት ቁርስ አልበሉም ነበር።

ጣቴ ደነዘዘ። ሐኪሟ ሥራዋን ቀጠለች፤ መነካቱ ይሰማኛል፣ ሕመሙ ግን የለም። ጥፍሩን በጠርዙ በኩል ከጫፍ እስከ ሥር በቀጭኑ ሰንጥቃ፣ ይዛ፣ ጠምዘዝ አድርጋ አወጣችው። ሥሩ ላይ፣ ያ ጠርዝ ተመልሶ እንዳይበቅል ነው ብላ፣ መድኃኒት ነካ ነካ አደረገች። ያወጣችውን በመቆንጠጫ ይዛ አሳየችኝ፤ ከገብስ ገለባ የማይበልጥ ነገር። ለዚህች ነው ሦስት ሳምንት ያለቀስኩት።

እሷ ቁስሉን ስታሽግ ከጎኔ ድምፅ መጣ።

"አንተ።"

"አቤት፣ ኦቦ።"

"ምን ሆኜ ነው?"

"ትንሽ... አረፍ አሉ።"

"ወድቄ ነው?"

"ቀስ ብለው ነው የወደቁት።"

ሁለታችንም እግራችንን ከፍ አድርገን ጣሪያውን እናያለን።

"ስንት ሰው አየ?"

"ሐኪሟ፣ ነርሱና ጥበቃው። እኔ አላየሁም፤ የሰማሁት ብቻ ነው።"

"እሷ ታወራለች?"

"የታካሚ ምስጢር አናወጣም፣ አባባ" አለች ሐኪሟ ጎንበስ እንዳለች።

"ታካሚው እሱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።"

"አሁን ሁለት ሆናችኋል።"

ይህ መልስ አረካቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ቤት እንዳትናገር።"

"አልናገርም።"

"ለልጄም ቢሆን።"

"ለእሷም አልናገርም።"

"እህቴ ከሰማች አበቃልኝ። እስከ ተፍኪ ድረስ ነው የምታወራው።" ወደ እኔ ዞሩ። "እንዲህ ያለው ነገር የቤተሰብ ነገር ነው።"

"ልክ ነው፣ ኦቦ።"

"ቤተሰብ ያልሆነ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ይዞ መዞር የለበትም።"

"የለበትም።"

"እንግዲያው ሽማግሌ ላክ።"

ሐኪሟ ፋሻውን እያሰረች ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ስትጨርስ ፊቷን አስተካክላ መመሪያ ሰጠችኝ፤ ዛሬና ነገ እግርህን ከፍ አድርገህ እረፍ፣ ፋሻውን ለማስቀየር ከነገ ወዲያ ተመለስ፣ ቅላቱ ወደ ላይ ከወጣ ወይም ትኩሳት ከያዘህ ቀጠሮ ሳትጠብቅ ና። "ከእንግዲህ ጥፍርህን ቀጥ አድርገህ ቁረጥ፤ በጣም አታሳጥረው፣ ጥጉን ተወው። ጫማም ስትገዛ ጣት ውስጡ መንቀሳቀስ አለበት" አለችኝ። ወደ ኦቦ ዞራ ደግሞ፣ "እርስዎ ቀስ ብለው ይነሱ" አለች።

ቤት ስንደርስ እናቷና አክስቷ በር ላይ ጠበቁን። ኦቦ ከባጃጁ ወርደው ክንዴን ይዘው አስገቡኝ፤ ማን ማንን እንደደገፈ እኛ ብቻ ነን የምናውቀው። ከዚያ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ስለ ሕክምናው መናገር ጀመሩ።

"እንዲህ ያለ ትልቅ መርፌ!" አሉ፣ ክንዳቸውን ዘርግተው። "ጣቱ ውስጥ ሰካችው። እሱ ዝም። ጥፍሩን እስከ ሥሩ ሰነጠቀችው። እሱ አሁንም ዝም። እኔ ራስጌው ቆሜ እያንዳንዷን ነገር በዓይኔ አየሁ።"

"አንተ አልፈራህም?" አሉ አክስቷ።

"ምን ያስፈራል?" አሉ ኦቦ፣ እኔን ሳያዩ።

"ኦቦ ባይኖሩ ኖሮ አልችለውም ነበር" አልኩ እኔ። ይህ ውሸት አልነበረም፤ ጣሪያውን እያየሁ ስለ እሳቸው ስጨነቅ ጣቴን ጭራሽ ረስቼው ነበር።

ሽማግሌዎቹን የላክሁት ከአንድ ወር በኋላ ነው። እኔ በወጉ መሠረት አልሄድኩም፤ የነገሩኝ እነሱ ናቸው። ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ አክስቷ ከጓዳ ብቅ ብለው፣ "ለመሆኑ ልጁ እግሩ ደህና ነው? ጫማውን የማያወልቅ ልጅ እኮ ነው!" አሉ። ኦቦ ግን፣ "እኔ ራሴ ይዤው ሄጄ አሳክሜዋለሁ፤ ሌላ የምትጠይቁት አለ?" ሲሉ አክስቷ ወደ ጓዳ ተመለሱ።

ከሠርጉ በኋላ ሱቃችን ሱሉልታ ላይ ቅርንጫፍ ስለከፈተ ወደዚያ ተዛወርን። እንጦጦን ተሻግሮ ያለው ብርድ ወፍራም ካልሲ ያስደርጋል። ጥፍሬ በአንድ በኩል ጠበብ ብሎ አድጓል፤ ካላሳየሁት በቀር ማንም ልብ አይለውም። ባለቤቴ ስለ ሁለተኛው ታካሚ ያወቀችው ገና ዘንድሮ፣ ኦቦ ራሳቸው ከነገሯት በኋላ ነው። ለሁለት ቀን ስትስቅ ቆይታ፣ "ለዚህ ነው ቶሎ እሺ ያሉት?" አለችኝ።

ባለፈው ክረምት የሱቃችን ጥበቃ በር ላይ ተቀምጦ፣ አንድ እግሩን ጉልበቱ ላይ ጭኖ፣ ምላጭ ሲያወጣ አየሁት። ሰውየው ስኳር አለበት፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ሮጬ ምላጩን ከእጁ ወሰድኩ። ተቆጣኝ። ባጃጅ ጠርቼ እንደ ተቆጣ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። እዚያ ያሉት ሐኪሞች ለእሱ የተናገሩት ከእኔው ይከብድ ነበር፤ ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ላይ ትንሽ ቁስል ቢፈጥር ላይሰማው ይችላል፣ ላይድንም ይችላል፣ እግር እስከ ማጣት የሚያደርስ ነው፤ ስለዚህ ጥፍሩን በራሱ እንዳይነካካ፣ እግሩንም በየቀኑ እንዲያይ አዘዙት። መድኃኒቱን ወስዶ፣ እየተመላለሰ አሳሽጎ ዳነ።

ትእዛዙን በጣም አጥብቆ ይዞታል። አሁን በየጠዋቱ ሱቁን ልከፍት ስደርስ ደህና አደርክ ከማለቱ በፊት ጫማውን አውልቆ እግሩን ያሳየኛል። ደንበኛ ቆሞ እንኳን ቢሆን አይጠብቅም። ጎንበስ ብዬ አሥሩንም ጣት አያለሁ፣ "ደህና ነው" እለዋለሁ፣ ከዚያ መዝጊያውን አብረን ወደ ላይ እናነሳለን።